ነጯ ቫን ላይ የለጠፍኩት ጂፒኤስ፦ የስምንት ወር አስተያየቴ

ኮከቡን አስቀድሜ ልናገር፦ ከአምስት ሦስት። ለመግዛት የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል። ቡናውን ይዞ የተቀመጠ ካለ ግን ታሪኩ ረዘም ይላል።

እንጀራ ጋግሬ አከፋፍላለሁ። የምጋግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የማደርሰው ዋሽንግተን ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ላሉ የአበሻ ሱቆችና ሬስቶራንቶች ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ምጣዱ ይሰካል። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጯ ቫን ትጫናለች። የሚነዳት አንድ ልጅ ነው። ልጅ ስል የ34 ዓመት አባወራ ነው፤ አራት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። እኔን «እትዬ» ይለኛል፣ እኔ «አንተ» እለዋለሁ።

መስከረም ላይ የአንድ ወዳጄን መኪና ከነዕቃው ሰረቁት። እኔ ደግሞ ቫኗ ከሄደች እንጀራዬም አብሮ ሄደ ማለት ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኬን ከፍቼ መከታተያ ስፈልግ አመሸሁ። ማስታወቂያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ፈገግ ያለች ሴት፣ ካርታ፣ ሰማያዊ ነጥብ። አንዱን አዘዝኩ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ የምለው ነገር ለአንዱ ብቻ የሚሠራ አይደለም፣ ሌሎቹም ያው ናቸው ብዬ ስለማምን።

ዕቃው የልብስ ሳሙና ያክላል። ጥቁር ነው፣ ጀርባው ማግኔት ነው። ዋጋው 34 ዶላር፣ በየወሩ ደግሞ 20 ዶላር። 34ቷ የመግቢያ ናት፣ የቤት ኪራዩ ወርሃዊው ነው። ሲም ካርዱ ውስጡ አለ፤ አፑን ማውረድ፣ ቁጥሩን ማስገባት፣ ከመኪናው ሥር መለጠፍ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እኔ ደግሞ አዲስ ቴሌቪዥን ለማስተካከል የእህቴን ልጅ የምጠራ ሰው ነኝ።

መልካሙን ልመስክር። ማግኔቱ ጉድ ነው። የዲሲን ጉድጓድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በስምንት ወር አንዴም አልወደቀም። ደንበኛ ደውሎ «እንጀራው የት ደረሰ?» ሲለኝ ሾፌሩን እየነዳ ስልክ አንሳ ማለት ቀርቷል፤ ራሴ አይቼ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሬስቶራንት «ዘግይቶ ነው የመጣው» ብሎ ሂሳብ ሊቀንስብኝ ሲል የደረሰበትን ሰዓት ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ዝም አለ፣ ከፈለ። ያን ቀን አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

ባትሪው ላይ ግን ዋሽተዋል። «ሁለት ሳምንት» ይላል ካርቶኑ። ጥቅምት ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆየልኝ። ጥር ላይ ብርዱ ሲጠና አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ቀን። በረዶ ላይ ተንበርክኬ ከመኪና ሥር ሳሙና የሚያክል ነገር ስነቅል ያየኝ ጎረቤቴ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። ማስጠንቀቂያውም ያሰለቻል። መንገድ ላይ ያለች እያንዳንዷ ጉብታ ለእሱ «ከባድ ፍሬን» ናት። ሌሊት ሊጥ እያቦካሁ ስልኬ ጢን ጢን ሲል መጀመሪያ ሰሞን ልቤ ይመታ ነበር። አጠፋሁት።

ምድር ቤት ፓርኪንግ ሲገባ ይጠፋል፤ ይሁን፣ ሰማይ ካልታየው ከየት ያምጣ። ረጃጅም ሕንጻ መሃል ሲሆን ደግሞ ነጥቡ አንድ ጎዳና ይዘላል። አንድ ጠዋት ቫኗን ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ አቁሞ አሳየኝ። ድልድዩ ላይ ትራፊክ ይዟት ነው እንጂ አልሰጠመችም። ያኔ ስቄ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። በኋላ ላይ አላሳቀኝም።

ዋናው ጉድለት እንዲህ ነው። ይሄ ዕቃ መንገድ አያይም፣ ነጥብ ነው የሚያየው። ባትሪ ለመቆጠብ እያረፈ ይልካል። ሲግናል ካጣም ይዘላል። ከዚያ አፑ ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ያገናኝልሃል። መስመሩ ሕንጻ ይሰነጥቃል፣ ባቡር ሐዲድ ይሻገራል፣ የሰው ግቢ ውስጥ ይገባል። ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ የሚያምር። «ይሄንን እኔ ገምቼ ነው» የሚል ጽሑፍ የትም የለም።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ።

ኅዳር ላይ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አፑን ከፈትኩ። ቫኗ ቤቱ ደጃፍ መቆም ሲገባት ናሽናል ሃርበር ናት። ሜሪላንድ፣ ወንዙ ዳር፣ ትልቁ ካዚኖ ያለበት። ከምሽቱ አራት ሰዓት። የባለፈውን ሐሙስ ፈለግሁ። እዚያው። የዚያን በፊቱንም። እዚያው። ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ቁማር ቤት! እኔ እዚህ እጄ በምጣድ እየተቃጠለ፣ እሱ በእኔ ቤንዚን። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ አባረርኩት፣ ለእናቱም ደወልኩ፣ አዲስ ሾፌርም ቀጠርኩ።

ጠዋት ሲመጣ ጠየቅሁት። አጠያየቄ ጥሩ አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ ቆየ። «እትዬ፣ ባለቤቴ እዚያ ሆቴሉ ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሐሙስ የሌሊት ተራዋ ነው። በአውቶቡስ አላስመቻት ብሎ ነው። ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤንዚኑን እተካለሁ።»

ቤንዚኑን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ድምፁን ሳያነሳ። «ግን እትዬ፣ በምን አወቅሽ?»

አልነገርኩትም ነበርና። ቫኗ የእኔ ናት ብዬ፣ መለጠፉንም ለሰው መናገር አያስፈልግም ብዬ። ለሌባ የገዛሁት ዕቃ የመጀመሪያ ያጋለጠው የሠራተኛዬን ገመና ነው። ያውም በሐሰት። የት እንደነበረ በትክክል ነግሮኛል፣ ለምን እንደነበረ የሞላሁት ግን እኔ ነኝ።

እሺ፣ ይሄ የእኛ የቤት ነገር ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። የካቲት መጣ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የፖሊስ መርማሪ በሬን አንኳኳ። ትሑት ሰው ነው፣ ቆሻሻ ጫማውን በሩ ላይ ጠረገ። ከሦስት ቀን በፊት ንጋት፣ በፈረንጅ 5:20 ላይ፣ ሮድ አይላንድ አቬኑ አካባቢ፣ ነጭ ቫን አንድ ብስክሌተኛ ገጭቶ አምልጧል። ሰውየው እግሩ ተሰብሯል። በካሜራ የታየው ቫን ታርጋው አይነበብም። በዚያ ሰዓት በዚያ አካባቢ የሚሠሩ ነጭ ቫኖችን እየዞሩ ነው። «ጂፒኤስ አላት?» አለኝ። አላት አልኩ፣ በኩራት። «ሪፖርቱን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?»

ስልኬን ላወጣ ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቷል። ልጁ ነፃ መሆኑን ስለማውቅ፣ አሳይቼ ልገላገል። ግን አንድ ደንበኛ ጠበቃ አለችኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ 30 እንጀራ ትወስዳለች። ስትከፍል ሁልጊዜ የምትለኝ ነገር አለ፦ «እትዬ፣ ፖሊስ ሲጠይቅሽ መጀመሪያ ለእኔ ደውዪ፣ ከዚያ ደግ ሁኚ።» ስለዚህ «ነገ እደውልልሃለሁ» አልኩት። ካርዱን ሰጥቶኝ ሄደ።

ማታ ሪፖርቱን አውርደን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፤ እኔ፣ ልጁና ጠበቃዋ። ያን ማታ ነው የገዛሁትን ዕቃ በደንብ ያየሁት።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ልጁን «በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?» ብላ ጠየቀችው። «አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ኖርዝ ካፒቶልን ይዤ ወደ ኤች ስትሪት እየወረድኩ ነበር» አለ። በእኛ ሰዓት ልክ ነው፣ በፈረንጅ 5:20። የታተመው ሪፖርት ላይ ግን 10:20 ይላል። ለካ ማሽኑ የሚመዘግበው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ በብርዱ ወራት ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል። አፑ ስልክ ላይ ሲያሳይ ያስተካክለዋል፣ ሲያትም አያስተካክለውም። እንግዲህ አስቡት። መርማሪው 5:20 ይላል፣ ወረቀቱ 10:20 ይላል፣ ልጁ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ «ኢለቨን ትዌንቲ» ይላል። ሦስቱም እውነት ናቸው። አንድ አበሻ ባልሆነ ሰው ፊት ግን ልጄ ውሸታም ነው።

ቀጥሎ መስመሩ። ማሽኑ 5:09 ላይ ታኮማ አጠገብ አንድ ነጥብ ልኳል። የሚቀጥለው ነጥብ 5:31 ላይ ኤች ስትሪት ነው። መሃል ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ባዶ። ባትሪው አራተኛ ቀኑ ነበር። አፑ ሁለቱን ነጥቦች በዚያ ቆንጆ ሰማያዊ መስመር አገናኝቷል። መስመሩ ደግሞ ሮድ አይላንድ አቬኑን የሚቆርጠው የት ይመስላችኋል? ሰውየው ከተገጨበት ሁለት ብሎክ ላይ። ልጁ የሄደበት ኖርዝ ካፒቶል በስተምዕራብ ነው። መስመሩ የሄደበት ላይ የባቡር ሐዲድ አለ፣ ቫን በአየር ካልበረረ አያልፍም።

እጄን ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ይሄንን ለማሳየት ነበር።

ጠበቃዋ ያስረዳችኝን እኔ በገባኝ መጠን ላካፍል። እሷ ሻይ እየጠጣች ነው የነገረችኝ፣ እናንተም እንደዚያው ስሙት።

በዚህ ጉዳይ የአሜሪካ ትልቁ ክስ የተነሳው እዚሁ ሰፈራችን ነው። አንትዋን ጆንስ የሚባል፣ ዲሲ ውስጥ የምሽት ክለብ የነበረው ሰው ነው። በፈረንጅ 2005 በአደንዛዥ ዕፅ ጠርጥረውት ሚስቱ ስም የተመዘገበች ጂፕ ላይ ጂፒኤስ ለመለጠፍ ፖሊሶቹ የፍርድ ቤት ማዘዣ አወጡ። ማዘዣው በአሥር ቀን ውስጥ፣ ዲሲ ላይ ይለጠፍ ይላል። እነሱ የለጠፉት በ11ኛው ቀን ነው፣ ያውም ሜሪላንድ፣ ሕዝብ የሚያቆምበት ፓርኪንግ ላይ። ሃያ ስምንት ቀን ተከታተሉት። በመሃል ባትሪው አልቆ ሌላ ፓርኪንግ ላይ ቀይረውለታል። (በረዶ ላይ የተንበረከክሁት እኔ ብቻ አይደለሁማ።) ከ2,000 ገጽ በላይ መረጃ ወጣ። መረጃው ፎርት ዋሽንግተን ካለ ቤት ጋር አገናኘው። እዚያ 850,000 ዶላርና 97 ኪሎ ኮኬይን ተገኘ። ፎርት ዋሽንግተን ከናሽናል ሃርበር ወረድ ብሎ ነው፤ የልጄ ሐሙስ አጠገብ። ጆንስ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ጥር 2012 ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ለጆንስ ወሰኑ። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነበር። ዳኛ ስካሊያ የጻፈው የአብዛኛው ዳኞች ሐሳብ ቀላል ነው፦ መኪና የሰው ንብረት ነው፣ መንግሥት መረጃ ለመልቀም ንብረትህ ላይ ነገር ከለጠፈ ፈተሸህ ማለት ነው። ዳኛ አሊቶ ደግሞ ነገሩ የመለጠፉ አይደለም፣ ለረጅም ጊዜ የመከታተሉ ነው አለ። ስካሊያ የድሮ ዘመን ፖሊስ በሠረገላ ውስጥ ተደብቆ ሲከታተል ብሎ ምሳሌ ቢሰጥ፣ አሊቶ ያ ፖሊስ በጣም ትንሽዬ ወይ ሠረገላው በጣም ግዙፍ መሆን አለበት ብሎ ቀለደበት። እኔን የነካኝ ግን የዳኛዋ የሶቶማዮር ነው። የሰው መኪና የሄደበትን መንገድ ያየ ሰው ሐኪሙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይ መስጊዱን፣ የሚያማክረውን ጠበቃ፣ የፍቅር ጉዳዩን ሁሉ ያውቃል ነው ነገሩ። ሐሙስን አስታወሰኝ።

ከውሳኔው በፊት በነበረው ክርክር ላይ ሮበርትስ፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ የመንግሥትን ጠበቃ እናንተ የእኛን የዳኞቹን መኪና ላይ ለጥፋችሁ ወር ሙሉ ብትከታተሉ ፍተሻ አይደለም ትላላችሁ? ብሎ ጠየቀው። ጠበቃው በሕዝብ መንገድ ላይ እስከሆነ ድረስ አይደለም ብሎ መለሰ። ክሱ እዚያች መልስ ላይ የተበላ ይመስለኛል። ከውሳኔው በኋላ ኤፍቢአይ ወደ 3,000 የሚሆኑ መከታተያዎችን አጥፍቷል።

ጆንስስ? ነፃ ወጣ ብላችሁ እንዳታስቡ። አቃቤ ሕጎቹ ጂፒኤሱን ትተው ከስልክ ኩባንያ በወሰዱት የስልኩ ማማ መረጃ እንደገና ከሰሱት። ጠበቃው ይሄም ይውጣልን ብሎ ተከራከረ፣ ዳኛዋ ግን ፖሊሶቹ ያኔ በቅን ልቦና የሠሩት ነው ብላ አስገባችው። ዳኝነቱ ሳይቋጭ ቀረ፣ በመጨረሻ 2013 ላይ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በ15 ዓመት ተስማማ። ከዕድሜ ልክ 15 ዓመት፣ ቀላል አይደለም። ግን ማስረጃ ተጣለ ማለት ሰው ተለቀቀ ማለት አይደለም።

ስልኩስ ብዬ ጠየቅኋት። እሱ በ2018 ዲትሮይት ላይ በተነሳ የዝርፊያ ክስ ተወስኗል። ፖሊስ የካርፔንተር የሚባል ተከሳሽ የ127 ቀን የስልክ መገኛ ወስዶ ነበር፣ 12,898 ነጥብ። አምስት ለአራት ሆነው ለሰባት ቀንም ቢሆን ማዘዣ ያስፈልጋል አሉ። እሱም ቢያሸንፍ ጥፋተኝነቱ አልተነሳለትም፤ ያው «ቅን ልቦና» ነው። ይሄ ቅን ልቦና የሚባል ነገር ለፖሊስ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው?

እንግዲህ እኔ የገባኝ ይሄ ነው። ፖሊስ ራሱ መኪናህ ላይ ሊለጥፍ ከፈለገ ማዘዣ ያወጣል። የፌደራል ሕጉ ለመለጠፍ አሥር ቀን፣ ለመከታተል ቢበዛ 45 ቀን ይሰጠዋል፤ ሊታደስ ይችላል። ኩባንያውን ከጠየቀ ደግሞ ነገሩ እንደ ኩባንያው ነው። 2024 ላይ ሁለት ሴናተሮች የመኪና አምራቾችን ጠይቀው ነበር። ቶዮታንና ኒሳንን ጨምሮ በርካቶቹ ያለ ዳኛ ማዘዣ፣ በመጥሪያ ብቻ የመኪናውን መገኛ እንደሚሰጡ ተናግረዋል። ጂኤም፣ ሆንዳ፣ ፎርድ፣ ቴስላና ስቴላንቲስ ማዘዣ እንጠይቃለን ብለዋል። ካሮላ የምትነዱ ጎረቤቶቼ፣ መከታተያ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ አዲስ ከሆነች ከፋብሪካ ተገጥሞላችኋል።

ሦስተኛው መንገድ እኔ ነኝ። ባለቤቷ ወድዳ ካሳየች ማዘዣ የለም፣ ክርክር የለም። ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው፣ እትዬን አይደለም። እኔ ስልኬን አውጥቼ ባሳይ ኖሮ የልጁን የአምስት ወር ኑሮ በአንዲት ጣት ነው አሳልፌ የምሰጠው። እሱን ማንም አይጠይቀውም።

«እሺ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማሽኑን ማን ይጠይቀዋል?» አልኳት። ሳቀች። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በፌደራል ፍርድ ቤት የማሽን መዝገብ የሚያውቀው ባለሙያ ፈርሞ ካረጋገጠው፣ ሰውየው ቆሞ ሳይመሰክር ሊገባ ይችላል። መቃወም የሚፈልግ አስቀድሞ መቃወም አለበት። ስለዚህ ያን ሰማያዊ መስመር እዚያ የሚተች ጠበቃ ከሌለህ፣ ለዳኞቹ የሚታያቸው መስመሩ ነው። ሃያ ሁለቱ ደቂቃ አይታይም።

ለኩባንያው በጽሑፍ ሁለት ጥያቄ ላክሁ፦ መረጃዬን ለፖሊስ በምን ትሰጣላችሁ? ለምን ያህል ጊዜ ታስቀምጣላችሁ? መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ለመጀመሪያው «ሕግ በሚፈቅደው መሠረት»። ለሁለተኛው 12 ወር፣ ከቅንብሩ ውስጥ ወደ 30 ቀን መቀነስ ይቻላል። የት እንዳለ አልነገሩኝም። የእህቴ ልጅ አገኘችው፣ አራት ገጽ ወርዶ። እኔ ወዲያው ልቀንስ ስል ጠበቃዋ እጄን ያዘች። ፖሊስ እየፈለገው መሆኑን ካወቅሽ በኋላ ማጥፋት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው አለችኝ። ልብ በሉ ይሄንን። ጉዳዩ እስኪያልቅ አንድ ነጥብ አልነካንም።

መጨረሻው አጭር ነው። በማግስቱ ጠበቃዋ ለመርማሪው ደወለች። የዚያን ቀን ጠዋት መረጃ ብቻ፣ ጥሬ ነጥቦቹን ያለ መስመሩ፣ ሰዓቱ ተተርጉሞ፣ ልጁም ፈቅዶ ሰጠነው። ኤች ስትሪት ያለው ሱቅ ባለቤትም እንጀራውን የተቀበለበትን ሰዓት ነገረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ነጭ ቫን ተገኘ፣ ፊቱ የተሰበረ። መርማሪው ራሱ ደውሎ ነገረኝ። እግዜር ይስጠው፣ ሌላው ዝም ይል ነበር።

አገር ቤት ወንድሜ ሚኒባሱ ላይ አስገጥሟል። ይሄንን ታሪክ በስልክ ስነግረው «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለኝ። የለም የሚለው ጂፒኤሱን አይደለም፣ «አይ፣ ነገ እደውልልሃለሁ» ማለቱን ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የሰው ንብረትም በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ ይጠብቃል ብዬ አነበብኩለት። «አንብቢው» አለኝ። እኔና ወንድሜ ስልክ የምንዘጋው እንዲህ ነው።

አሁን የሚገዛ ሰው ካለ። የንግድ መኪና ካላችሁ ይሠራል፣ ማግኔቱን አመስግናችሁ ትኖራላችሁ። ባትሪውን ግን አትመኑ፤ ኃይሉን ከራሷ ከመኪናዋ የሚወስደውን ዓይነት ግዙ፣ ባዶ ደቂቃም ይቀንሳል። ሪፖርት ስታትሙ ሰዓቱ የየት እንደሆነ እዩ። የሌላ ሰው መኪና ላይ፣ የባልም ይሁን የሚስት፣ በድብቅ እንዳትለጥፉ። ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴት ወንጀል ነው። ሠራተኛችሁ የሚነዳው የእናንተ መኪና ላይ በብዙ ቦታ ሕጉ ብዙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። እኔ ከልጁ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራርመናል። በአማርኛ ነው የጻፍነው፣ ጠበቃዋ አይታዋለች።

ወረቀቱ ላይ መከታተያው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይሠራል ይላል። ከዚያ ውጪ አፑ ራሱ ይዘጋዋል፣ ነጥቡ ግራጫ ይሆናል። የሐሙስ ቤንዚን በእኔ ነው፣ እሱም ተጽፏል። ባለቤቱ ባለፈው ፋሲካ ዶሮ ወጥ ሠርታ ላከችልኝ። እኔ ከምሠራው ይሻላል፣ ለልጁ ግን አልነገርኩትም።